የካሴቶቹ ፉክክርና የማሲንቆው ጊዜ

ስለ ቪዲዮ ካሴት ታሪክ ሲወሳ ዘወትር የሚደጋገመው ትረካ አንድ ነው፤ የተሻለው ተሸነፈ፣ ያነሰው አሸነፈ የሚል። የጃፓኑ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤታማክስን ለገበያ አቀረበ፤ በዓመቱ የዚያው አገር ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስን ይዞ ተነሣ። በምስል ጥራት ቤታማክስ ይበልጥ ነበር ይባላል። ይሁንና የመጀመሪያው ካሴቱ የሚቀዳው ለአንድ ሰዓት፣ የተቀናቃኙ ግን ለሁለት ሰዓት ነበር። ጄ.ቪ.ሲ. አሠራሩን ለሌሎች ፋብሪካዎች በፈቃድ አካፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሶኒ ራሱ የተቀናቃኙን ዴክ ወደ መሥራት ገባ።

ትረካው «የተሻለ» የሚለውን ቃል ሳይመረምር ያልፋል። የጎንደርን ኪነት ለሚያውቅ ግን የጊዜ ርዝመት ራሱ ጥራት ነው።

አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በአንድ ገጽ የሚይዙት ሦስት አራት ደቂቃ ነበር። ለከተማው ኦርኬስትራ ይህ ልክ ጠቅሞታል፤ ዘፈኑን አሳጥሮ አጥብቆታል። አዝማሪውን ግን ጎድቶታል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይቃኛል፣ የእንግዳውን ስም ይጠይቃል፣ ያሞግሳል፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዞረዋል፣ ወርቁን ከሰሙ ያወጣዋል። በሸክላ ላይ ግጥም ሰጪው የለም። የድምፅ ካሴት ጊዜውን መለሰለት፤ የተሞጋሹን ፊትና የእስክስታውን ትከሻ ግን ሊመልስ አልቻለም።

ቪ.ኤች.ኤስ ሁለቱንም አንድ ላይ አመጣ። በካሴቱ ጀርባ የታተመው 180 ወይም 240 ደቂቃውን ይናገራል፤ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት መሆኑ ነው። ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድና ጽፋት እያለ ለሚፈጥን ማኅሌት የአንድ ሰዓት ካሴት ምን ይበቃዋል? ፍጥነቱ ትርጉም የሚያገኘው ከዝግታው በኋላ ነውና፣ ዝግታውን የቆረጠ ጽፋቱንም ባዶ አደረገው።

ይህን ያህል ጊዜ ተገኝቶ ምን ተሠራበት? እዚህ ላይ ነቀፌታ ይገባል። ከብዙዎቹ የሠርግ ቪዲዮዎች የአዝማሪው ድምፅ ይጠፋል፤ በምትኩ በገበያ የታወቀ ዘፈን ይለጠፍበታል። ማሲንቆው ሲገዘገዝ ይታያል፣ የሚሰማው ኦርጋን ነው። ሙሽራው ሲሞገስ ይስቃል፣ ምን ተብሎ እንደሳቀ ግን ተመልካች አያውቅም። ሸክላ በደቂቃ እጥረት ያስቀረውን፣ ቪዲዮ በአቀናባሪው እጅ አጠፋው። (ምስሉን በአበባና በልብ ቅርጽ ማስጌጡ ይቅርታ ቢደረግለት እንኳ፣ ድምፁን ማጥፋቱ ይቅር የሚባል አይደለም።)

ፉክክሩ ዛሬ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶኒ በመጋቢት የቤታማክስ ካሴት መሸጡን ተወ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ፉናይ የቪ.ኤች.ኤስ መሣሪያ መሥራቱን አቆመ። አሸናፊና ተሸናፊ በአራት ወር ልዩነት ተቀበሩ። የቀረው በጎንደር፣ በዳባት፣ በደባርቅ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ካሴት ነው፤ የደጋው ክረምት እርጥበት ሻጋታ ያመጣበታል፣ የሚያጫውተው ዴክም እያረጀ ነው።

ስለዚህ ካሴት ሲገለበጥ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይገባል። ቀድሞ መገልበጥ ያለበት ለቤተሰብ የተሰጠው ያጌጠው ቅንብር ሳይሆን፣ ያልተቆረጠው ዋናው ካሴት ነው፤ ማሲንቆው ሲቃኝ፣ እንግዶች ሲንጫጩ፣ ከወዲያ ጥግ አንዱ «ተቀበል!» ሲል የሚሰማበት።