«ጧሪ ቀባሪ የሌለው» የሚባለው ማን ነው?



በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ከመስጂድ ደጃፍ እስከ ቴሌቪዥን ድረስ አንድ አነጋገር ደጋግመን እንሰማለን፤ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አረጋውያን» የሚል። ገንዘብ ሲሰበሰብ ይባላል፤ አሮጌ ልብስ ሲለመን ይባላል፤ ረመዷን ሲገባ ደግሞ ይበዛል። አነጋገሩ ርኅራኄ ያለበት ስለሚመስል ማንም አይመረምረውም። እኔ ግን ሊተች ይገባል እላለሁ። ምክንያቱም እንዲህ ከሚባልላቸው ሰዎች መካከል ስንቶቹ ወልደው፣ አሳድገውና ድረው እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ በመጀመሪያ የአካባቢያችንን ነገር እንመልከት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በሥሩ ተጠቃለሉ። እዚህ ያሉት አረጋውያን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የአገሬው ገበሬ ነው። አዲስ አበባ እየሰፋች ስትመጣ መሬቱ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ተወሰደ፤ ካሳ ተቀበለ። ካሳውን ልጆች ተካፈሉት፤ አንዱ ባጃጅ ገዛበት፣ አንዱ ሠርግ ደገሰበት፣ አንዱ በጫት ጨረሰው። አባት እርሻ የለው፣ በሬ የለው፣ ገንዘብም የለው። ሁለተኛው ከመርካቶ የመጣው ነው። የቀበሌ ቤቱ ሲፈርስ ወይም ኪራይ ሲወደድ ልጁ አሸዋ ሜዳ ወይም ዓለም ገና ቤት ሠርቶ ይዞት ወጣ። ልጅ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ለዒሻ ይመለሳል። አርባ ዓመት በአንዋር መስጂድ በጀመዓ ሲሰግድ የኖረ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮ አጥር ሲያይ ይውላል። ይህ ሰው ልጅም አለው፤ ጣሪያም አለው። ጧሪ አለው ትሉታላችሁ?

በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ወላጆች ባዘዘበት ቦታ «ኡፍ» ማለትን እንኳ እንደከለከለ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቃሉ። በመድረሳ ተማሪዎች ቶሎ የሚይዙት ይህን ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ያለችውን አንዲት ትንሽ ቃል ግን ብዙዎቻችን እናልፋታለን። «ዒንደከ» የምትለዋን ማለቴ ነው፤ «አንተ ዘንድ» ማለት ነው። እርጅናው የሚደርስባቸው ልጃቸው ዘንድ ሆነው ነው። ክልከላው የተነገረውም ሽማግሌው በጓዳውና በማዕዱ ላይ ላለ ሰው ነው። «ኡፍ» ለማለት እኮ መጀመሪያ አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል። እናቱን በር ላይ አስረክቦ የሄደ ሰው «ኡፍ» የሚልበት አጋጣሚ አያገኝም። ይህ ነጻ ያወጣዋል የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን።

ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ደግሞ ሕጉን ያንብብ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ቀለብ የመስጠት ግዴታ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከልጅ ወደ ወላጅም እንደሚሄድ ይደነግጋል። ቀለብ ሲልም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። መጠኑ የሚለካው በተቸገረው ሰው ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ «ቡራዩ ስለምኖር አይመለከተኝም» የሚል ልጅ ግን በዚያም ሕግ መሸሸጊያ አያገኝም። በዚያው በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የቀለብን፣ የወቅፍን፣ የስጦታንና የውርስን ጉዳይ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲያዩት ፈቅዷል፤ ሁለቱም ወገኖች እስከተስማሙ ድረስ።

ታዲያ ስንት አባት ልጁን ለቀለብ ሲከስ አይታችኋል? እናት «የወለድኩትን ፍርድ ቤት ላቁመው?» ብላ ጦሟን ታድራለች። ሕጉ መብቱን የሰጠው ሊጠቀምበት ለሚያፍር ሰው ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 ወላጆች ከልጆቻቸው ቀለብ የሚጠይቁበት ሕግ አውጥታ ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ችሎት አቋቁማለች። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። በእኛ አገር ከችሎት በፊት ሽማግሌ አለ፤ ኢማም አለ። ኢማሞቻችን የባልና የሚስት ጠብ ለማብረድ ሌሊት ሳይቀር ይነሳሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የተረሳች እናት ጉዳይ ሲሆን ግን የልጆቿን በር የሚያንኳኳ ለምን ጠፋ? እርሷ አልከሰሰችማ!

ሸክሙ በማን ላይ እንደወደቀም እንይ። ብዙ ቤት ውስጥ ወላጅን የምትጦረው ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ናት። እርሷ ከሰው ቤት ሥራ የምትልከውን ወንድሞቿ ተቀብለው ለራሳቸው ይቆርሱለታል፤ የቀረው ለእናት መድኃኒት ይሆናል። በሐነፊ መዝሀብ የወላጅ ነፈቃ በወንድና በሴት ልጅ ላይ እኩል ነው። «እህታችን ትልካለች» የሚለው ወንድ ልጅ ታዲያ የራሱን ድርሻ መቼ ከፈለ? ከዚህ የባሰም አለ። ልጅ ለተቸገሩ ወላጆቹ ዘካ መስጠት አይችልም፤ እነርሱን መቀለብ አስቀድሞ የራሱ ዕዳ ነውና። አባቱ ለሚጦርበት ቤት ዘካውን ልኮ «ተወጣሁ» የሚል ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በሚስኪኖች ገንዘብ ነው።

ይህን ስል ማንም ወላጁን ወደ መጦሪያ ቤት አይውሰድ ማለቴ አይደለም። የመርሳት በሽታ የያዛት እናት ሌሊት በር ከፍታ ትወጣለች። ከአልጋ መነሳት ያልቻለ ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገለበጠ ገላው ይቆስላል። አንዲት ልጅ ብቻዋን ይህን ሁሉ ልትችለው አትችልም፤ ቤቱም ላይመች ይችላል። «ወላጄን ለሰው አሳልፌ አልሰጥም» እያለ በጨለማ ጓዳ የሚደብቅ፣ እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋባቸው ልጅ ደግሞ አለ። እንደዚያ ከሚሆን ንጹሕ አልጋና የሚገለብጥ እጅ ያለበት ቤት ይሻላል። በእኔ ግምት ይሉኝታ የገደላቸው አረጋውያን ጥቂት አይደሉም።

በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ብሎ ሃይማኖት ሳይጠይቅ ከጎዳና የወደቁትን ያነሳል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ስርጭት በተደረገው ጥሪ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰብስቧል፤ ሙስሊሙም ከሌላው ወገኑ ጋር አዋጥቷል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ስንሰጥ የምንጠይቀው «ስንት ሰው ገባ?» ብለን ነው። የገባው ሰው ምን መብት ይዞ ገባ ብለን አንጠይቅም። ይህ ጥያቄ ለአንድ ማዕከል ሳይሆን አረጋውያንን ለሚያስጠጋ ቤት ሁሉ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል ደግሞ በአንቀጽ 11 መጦሪያ ቤት መግባት በምርጫ እንዲሆን፣ እንክብካቤውም የተወሰነ ደረጃ እንዲያሟላ ይጠይቃል። በምርጫ! «ሐኪም ቤት ልውሰድሽ» ተብላ ተታልላ የገባች እናት መረጠች ይባላል? ሲገቡ ጡረታቸውን እንዲቀበል ለልጅ የሰጡት ውክልናስ? ውክልናን የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል የነገራቸው አለ?

ስለ ካሜራውም ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ዛሬ ግን በየስልኩ ላይ ራቁቱን የሚታጠብ ሽማግሌ፣ ታሪኳን ስትናገር የምታለቅስ እናት እናያለን። ሐፍረተ ገላን መሸፈን ያስተማረ ሃይማኖት ያለን ሰዎች ይህን ተቀባብለን «ሱብሐነላህ» እንልበታለን። በረመዷን ደግሞ አንድ ቀን አሥር ቡድን ይመጣል። ሳምቡሳና ተምር ተሸክሞ፣ ከስኳር ሕመምተኛ ጎን ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። በሸዋል ወር ማንም የለም። ቤቱ የቸገረው የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙናና የሚያጥብ ጉልበት ነው፤ እነዚህ ግን ለፎቶ አይመቹም።

የሙስሊም አረጋዊ ነገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከባድ ግን አይደለም። ቂብላ ወዴት እንደሆነ ማሳየት፣ ለውዱእ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ማቅረብ፣ ውሃ ለማይስማማው ተየሙም ማስታወስ፣ ሴቷን ሴት እንድታጥባት ማድረግ ነው። የሱሉልታው ገበሬ ውሃ ሲጠማው «ቢሻን» ይላል፤ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። እነዚህን ለክርስቲያን ወገኖቻችን ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነው፤ እነርሱ ሳያውቁ ቢቀሩ አይወቀሱም።

የራሳችንስ የት አለ? ዑመር (ረ.ዐ.) ሲለምን ያገኙት አይሁዳዊ ሽማግሌ ከበይተል ማል እንዲጦር ማዘዛቸውን ዑለሞች ጽፈዋል። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያሠሩት ሆስፒታል ለዘመናት የኖረው በወቅፍ ገቢ ነው። በእኛ ከተሞች ወቅፍ ሲባል ግን የሚታሰበው መስጂድና የመስጂድ ሱቅ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሚናራ ለመጨመር ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ከሚናራው ሥር ላሉት ሽማግሌዎች አንድ ክፍል፣ አንድ አስታማሚ ለመቅጠር ሲባል ጀመዓው ይበተናል። መጅሊሱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ከዚህ ወዲህ «ፈቃድ የለንም» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። መነሻው ሕንፃ መሆንም የለበትም። በየሰፈሩ ማን ወላጁን ብቻውን እንደያዘ መዝግቦ ተራ ገብቶ ማገዝ ይቻላል።

በመጨረሻ ወላጁን ለማስገባት የግድ ለሆነበት ሰው አንድ ነገር ልንገረው። መዝገብ ላይ የእናትህን ስም ሙሉውን አስጽፍ፤ ሙስሊም መሆኗን አስጽፍ፤ ዕለቷ ሲደርስ አጥቦና ከፍኖ የሚሰግድባት የትኛው ጀመዓ እንደሆነ አስጽፍ። ስልክህን ሲጠይቁህ ደግሞ የሚሠራውን ቁጥር ስጥ። የማይነሳ ቁጥር ሰጥቶ የሚሄድ ልጅ አለ፤ «ቀባሪ የሌላት» የምትባለው በዚህ ምክንያት ነው።