ብረት በአንቺሆዬ

የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ያደመጠ ሰው የሜታል ዘፋኞች ጩኸት እምብዛም አያስደነግጠውም። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከአንደበት አንሥቶ ለቴነር ሳክስፎን ያስረከበ ነው። ድምፁን ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ካሰበው በላይ አስረዝሞ ድንገት ይቆርጠዋል፤ ፎካሪ ምት እንደማይጠብቅ ሁሉ እሱም አይጠብቅም። በ2006 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር።

አልበሙን ደጋግሜ የምሰማው ለጊታሮቹ ስል ነው። ሻካራ ናቸው፤ ነገር ግን በዜማው ሥር ኮርድ አይደረድሩም። አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው እሷኑ ይመላለሱባታል፣ ከበሮው ከኋላ ይገፋቸዋል፣ ሳክስፎኑም ሜዳውን ለብቻው ያገኛል። አንዱ ለሌላው ብሎ አልለዘበም። የፈረንሳይዋ ከተማ የሊዮን ባንድ ዩካንዳንዝ ደግሞ ወደ ሜታል ይበልጥ ይጠጋል። በ2012 «ይቻላል» በተባለው አልበማቸው ዘፋኛቸው አስናቀ ገብረየስ የቆዩ ዘፈኖችን በዚያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ ላይ ሲዘፍን አይጮኽም፤ ድምፁን እንደ ልማዱ ያንቆረቁራል። ጩኸቱን ለመሣሪያው፣ ዜማውን ለጉሮሮ ከፋፍለውታል። ጥሩ ድልድል ነው።

የዚህ ሁሉ መንገድ ጠራጊ የጅማ ልጅ ነው። በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና ሊማር ዌልስ ሄዶ ሙዚቀኛ ሆኖ ወጣ፤ ለንደንንና ቦስተንን አልፎ በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ አልበሞቹን አሳተመ። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት በአሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ሲያለብስ የፈራው ልብሱ ገላውን እንዳይውጠው ነበር። የቅኝቱን ጠባይ የሚናገረው ድምፅ በሚመጣበት ቦታ ላይ ሌላው ሁሉ ይሳሳል። ቫይብራፎኑም ራሱ ብረት ነው፤ በእግር መርገጫው ድምፁን ሲያስረዝምና ሲቆርጥ ዝምታውም ተለክቶ የተቀመጠ ይመስላል።

ዓለም እስኪሰማው ግን ቆየ። በሰባዎቹ መጀመሪያ የተቀረጹት ሥራዎች በ1998 በ«ኢትዮፒክስ» የአልበም ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ታተሙ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ አስገባቸው፤ በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ ከ«የገሌ ትዝታ» ቆርጠው ዘፈን ሠሩበት። ሙዚቃው ራሱ ግን ለአዲስ ሰሚ ተብሎ አልተለወጠም። ሲኒማ ቤት የገባው ተመልካች የጃዝ አፍቃሪ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ይህ ይመስለኛል ዋናው። የፈረንሳዩ ሜታል ባንድ ጎጂራም በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ከኦፔራ ዘፋኝዋ ማሪና ቪዮቲ ጋር ሲጫወት ሜታል ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው የደረሰበት። ጊታሩ አልለሰለሰም፤ በዓመቱ ግራሚ አገኘ።

በሙላቱ የትውልድ አገር በጅማ፣ አጋሮ አካባቢም፣ ቡና ማንነቱን ሳይለውጥ እንዲሁ ለዓለም ደርሷል። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ በውጭ ገበያ የሚታወቀው በርካሽ ጀንፈልነቱ ነበር። የጎማ ወረዳው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቀይ ፍሬ ብቻ እየለቀመ ማጠብ ከጀመረ በኋላ ግን በ2012 ቡናው በውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ተባለ። ዛፉ ያው ነው፤ እጁ ነው የተለወጠው።

እንግዲህ ጊታሩን አዋርዶ የሚቃኝ የእኛ ወጣትም ቅኝቱን ሳይነካ እጁን ይለውጥ፤ አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት ይሞክር። ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ዝቅ ያለው ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለው ሶልና ላ ናቸው። በዶና በዝቅ ባለው ሶል መካከል ያለው ርቀት ብላክ ሳባዝ በ1970 በስሙ የሰየመውን ዘፈን የከፈተበት፣ ሜታል ከዚያ ወዲህ ያልተለየው ርቀት ነው። ቅኝታችን ያንን ከጥንት ይዞታል። ችግሩ የሜታል ጊታር ልማድ ላይ ነው፦ እያንዳንዱን ድምፅ ከአምስተኛው ጋር፣ ለምሳሌ ዶን ከሶል ጋር፣ አጣምሮ መምታት። በትዝታ ቅኝት ከአምስቱ ድምፆች አራቱ አምስተኛቸውን ከቅኝቱ ውስጥ ያገኛሉ፤ ሮክ በትዝታ የሚቀናው ለዚህ ነው። በአንቺሆዬ የሚያገኙት ፋና ዝቅ ያለው ሶል ብቻ ናቸው። በቀሩት ሦስቱ ላይ ልማዱን የተከተለ እጅ ከቅኝቱ ይወጣል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ነጠላ ገመድ መትቶ ማለፍ፣ ጥንዱን ለሁለቱ ማቆየት ያስፈልጋል።