የተማረው ሰው በሦስት ልብ ወለዶቻችን

ልብ ወለድ ማንበብ የሥራ ፈት ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሥራ ባልደረባችን በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይዘን ባገኙን ቁጥር፣ «ከዚህ ሁሉ ተረት ምን ይገኛል?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛም ፈገግ ብለን እናልፈዋለን እንጂ በቂ መልስ ሰጥተናቸው አናውቅም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ስማቸው ከገነነ መጻሕፍት ሦስቱን እንደ ገና ስናነብ ይህ ጥያቄ ከአሳባችን አልተለየም ነበር። መጻሕፍቱም በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1962 ዓ.ም. የወጡት የአቶ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ና የአቶ በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ናቸው። ሦስቱም፣ አኳኋናቸው ቢለያይም፣ አሳቡ ከአካባቢው ልማድ ጋር ያጋጨውን የተማረ ሰው ያሳዩናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ የወደደው ብዙ ነው። አንባቢ ሁሉ የሚያለቅሰው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ነው፤ እኛም በተማሪነታችን ጊዜ አልቅሰናል። በአሁኑ ንባባችን ግን ዓይናችን ከካሣ ዳምጤ ላይ አልነሣ አለ። ይህ ሰው የተማረና ከባላባት ወገን የሆነ ሲሆን፣ የኖረውን ልማድ ሁሉ በአእምሮ ሚዛን ስለሚመዝን አገሩ «ጉዱ ካሣ» ብሎ ሰይሞታል። የቅጽሉን ስም ብልኀት እንመልከት፤ አንድን ሰው «ጉድ» ካሉት በኋላ ለሚናገረው እውነት መልስ መስጠት አያስፈልግም። በዛብህ ደግሞ ቅኔ የተማረ ሆኖ ሳለ ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት ከገዛ ፈቃዱ ይበረታበታል። ክቡር ደራሲው የጎጃምን ሕይወት በቅርብ ስለሚያውቁ ይህን ሁሉ በእርጋታና በርኅራኄ ጽፈውታል። አንድ ጉድለት እንጥቀስ ብንል፣ ካሣ ረጅም ንግግር ሲያደርግ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማን የሰውየው ሳይሆን የደራሲው ድምፅ ነው። በመጨረሻም ሞት በሞት ላይ ሲደራረብ ኀዘናችን ይበዛና ማሰቢያ ጊዜ ያሳጣናል።

«አደፍርስ» ለአንባቢ የማይመች መጽሐፍ ነው። ቃላቱ ብርቅ፣ ንግግሩ ብዙ፣ ታሪኩም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚዘል ስለ ሆነ፣ ከወዳጆቻችን መካከል እኩሌታውን ሳይጨርሱ የተዉት አሉ። ይህን ችግር ታግሦ ላለፈው ግን ዋጋ አለው። ወጣቱ አደፍርስ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የረጋውን ሁሉ የሚያናውጥ ነው፤ በሸዋ ገጠር ሰዎች መካከል ሆኖ ያለ ዕረፍት ይከራከራል። ሆኖም አቶ ዳኛቸው የአገሩን ሰዎች እንደ መሃይም አድርገው አላቀረቧቸውም፤ እነርሱም የራሳቸው አሳብ፣ የራሳቸው መልስ አላቸው። ካሣ ዳምጤ የሚሰማው አጣ፤ አደፍርስ ግን ራሱ መስማትን አልተማረም። ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ገጠር የሄድን ሁሉ በዚህ ወጣት ውስጥ ገጽታችንን አይተን ልናፍር ይገባናል።

«ከአድማስ ባሻገር» ከሦስቱ ቀላሉና ፈጣኑ ነው። አንድ ጊዜ የጀመሩት እንደ ሆነ ሳይጨርሱ መተኛት ያስቸግራል። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ያለው ግን በሥዕል ላይ ነው። ወንበሩን፣ ደመወዙንና የዘመድ ምክርን በአንድ ወገን፣ የገዛ ነፍሱን ጥሪ በሌላ ወገን አድርጎ ሲያመዛዝን፣ እንደ እኛ በፋይል መካከል የሚውል ሰው ልቡ ሳይነካ አያነብም። የምንነቅፈው ግን አበራ ነጻነትን ለራሱ ብቻ መፈለጉን ነው። ካሣና አደፍርስ፣ ተሳሳቱም አልተሳሳቱ፣ ስለ ሌላው ሰው ይጨነቁ ነበር፤ የአበራ ጭንቀት በአብዛኛው ከራሱ ደጃፍ አያልፍም። ትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ምቾት አገኘ፤ ሸክሙን ግን በመንገድ ላይ የጣለ ይመስላል።

ሰው የወደደው መጽሐፍ ሁሉ ጥልቅነት የለውም፣ ለንባብ የከበደ ሁሉም ታላቅ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሕዝብ ወደደው ብለን አናቃልለውም፤ «አደፍርስ»ንም ከበደ ብለን ብቻ አናከብረውም። የምንጠይቀው፣ መጽሐፉ ከታጠፈ በኋላ በአንባቢው ላይ ምን ይቀራል ብለን ነው።

ባልደረባችን ለጠየቁን የምንመልሰውም ከዚህ ይነሣል። ሁላችንም በመጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሣን እንወዳለን፤ ንግግሩንም በቃላችን እንጠቅሳለን። ዳሩ ግን አንድ ባለ ጉዳይ ወደ ጠረጴዛችን ቀርቦ «ይህ ልማድ ትክክል አይደለም» ባለን ጊዜ፣ «ይህ ሰው ነገረኛ ነው፤ ነገ ይመለስ» ብለን የሸኘንበት ቀን ጥቂት አይደለም። እኛ ራሳችን ይህን አድርገናል። ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ገልጠን ለካሣ ስናዝን፣ ያ ሰው ግን በደጃችን ተመልሶ ሄዶ ነበር። ልብ ወለድ ምን ይሰጣል ቢሉን፣ ይህን ዓይነት እፍረት ይሰጣል እንላለን። እፍረቱ በማግሥቱ ወደ ሥራ ከገባን ድረስ አብሮን ከቆየና ያንን ባለ ጉዳይ አስጠርተን ካዳመጥነው፣ የምሳ ሰዓታችን በከንቱ አላለፈም።