በአላጂል ሲንድረም ሕክምና አንጀት እንዳይዘነጋ

ማራሊክሲባት የተባለው መድኃኒት በአላጂል ሲንድረም በተያዙ 31 ልጆች የተፈተነበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 በላንሴት መጽሔት ታትሟል። እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክ እንደሚቀንስ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ዋና መለኪያው በደም ውስጥ የሚገኘው የሐሞት አሲድ መጠን እንጂ የአንጀት ጤና አልነበረም። በዚህ ብርቅ የዘረ መል ሕመም የጉበት ሐሞት ቱቦዎች ስለሚያንሱ ወደ አንጀት የሚፈሰው ሐሞት ይቀንሳል፤ ቅባትና ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በሚገባ አይመጠጡም። መድኃኒቱም የሐሞት አሲድ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ወደ ጉበት እንዳይመለስ ስለሚያግድ ተቅማጥና የሆድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። እነዚህን በጎንዮሽ ጉዳትነት ብቻ መመዝገብ በቂ አይመስለኝም፤ ቀድሞውንም ቅባትን በቅጡ በማይመጥ አንጀት ላይ የሚደረቡ ናቸውና። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ማሳከኩ ከመጠየቅ ባሻገር የልጁን ክብደት፣ ዓይነ ምድርና የቫይታሚን መጠን ሊከታተል ይገባል።