የአደራ መዝገብ፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ማኅደር አያያዝ

1. መነሻ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ዘወትር የሚጠቀሰው የጽሕፈትን ጥቅም ለማወደስ ነው። አባባሉ ስለ ልጅ ገመና በሚጻፍ መዝገብ ላይ ሲውል ግን ማስጠንቀቂያም ይሆናል። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በጭንቀቷ ሰዓት ለመካሪ መምህሯ የተናገረችው ቃል በወረቀት ከሰፈረ በኋላ የእርሷ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ርእሰ መምህሩ ይለወጣል፤ መካሪው ይዛወራል፤ ልጅቷም ታድጋለች፤ ወረቀቱ ግን በቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ስለሆነም የዚህ ሂስ ትኩረት መካሪው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ሳይሆን፣ ምን ይጻፍ፣ የት ይቀመጥ፣ ማንስ ይመልከተው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

2. የስፍራውና የጊዜው ክብደት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ የተማሪ ከተሞች ናቸው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች ይኖሩባቸዋል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የመካሪው ክፍል ብዙ ጊዜ ከወላጅ ቀጥሎ ያለ መጠጊያ ነው።

ከዚህም ሌላ አካባቢው ያሳለፈው ዘመን ጥያቄውን ያከብደዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የጋራ ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ በተነሣው የተማሪዎች ሰልፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረውም ተቃውሞ ወደ ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተዛምቶ ብዙዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ታስረዋል። ከዚያ ወዲህም ዞኑ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በተደረገ ግጭት ተጎድቷል። በዚህ ሁኔታ ያደገ ልጅ ወደ መካሪ ሲገባ የሚናገረው ስለ ፈተና ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ስለታሰረ ወንድሙ ወይም ሌሊት ከቤት ስለወጣ አባቱም ሊናገር ይችላል። ቃሉ ከነስሙና ከነቀኑ በግዴለሽነት ከተጻፈ፣ ልጁን ለመርዳት የተከፈተው ማኅደር ቤተሰቡን የሚያስጠይቅ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ልጁም ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ዝም ይላል፤ የምክር አገልግሎቱም በዚያው ባዶ ይቀራል።

3. በአሠራሩ የሚታዩ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት መደባለቅ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የፈተና ውጤት፣ የሥነ ሥርዓት ክስና የምክር ማስታወሻ በአንድ ማኅደር ይታሰራሉ። የምክር ሥራ በተደራቢነት የተሰጠው መምህር የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባልም ሲሆን መደባለቁ ከወረቀት አልፎ ወደ ሰውየው ይሻገራል፤ ጠዋት ምስጢር የሰማ ከሰዓት በኋላ ፈራጅ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጉድለት ብያኔን በምልከታ ቦታ መጻፍ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ «ባለጌ ነው፤ ሱስ ተጠናውቶታል፤ ቤተሰቡም የተበተነ ነው» ተብሎ የተጻፈበት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በማያውቀው መምህር ፊት ሳይናገር ይፈረድበታል። በአንጻሩ «በአንድ ሳምንት አራት ቀን ቀርቷል፤ እናቱ ታመው ከብት ሲጠብቅ መሰንበቱን ተናግሯል» የሚለው ጽሑፍ ለሚቀጥለው ረዳት የሥራ መነሻ ይሆናል። የፊተኛው ስም ይለጥፋል፤ የኋለኛው ሁኔታን ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ያልተወሳው ጉድለት፣ የቋንቋ ነው። በዞኑ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን መካሪው የሥነ ልቡና ትምህርቱን የቀሰመው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ «ገራን ነ ጉበ» ቢል ቃል በቃል «ሆዴ ያቃጥለኛል» ማለት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ኀዘኑ ሊሆን ይችላል። ይህ በመዝገቡ ላይ «የጨጓራ ሕመም» ወይም «ዲፕሬሽን» ተብሎ ቢሰፍር አንዱ ልጁን ወደማይገባው መድኃኒት፣ ሌላው ማንም ወዳልመረመረው የሕመም ስም ይወስደዋል። የልጁ ቃል በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ፤ የመካሪው ግምት ግምት መሆኑ ተገልጾ ለብቻው ይቀመጥ። የሕመም ስም መስጠት የሐኪም ድርሻ ነው።

4. ሕጉና የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ጥቅም ቀዳሚነት ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16 ሕፃን የራሱ የግል ሕይወት እንዳለው ያረጋግጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ለሚይዙ ሁሉ ግዴታን አስከትሏል።

በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት መዛግብት ሕግ ለወላጆች የልጃቸውን መዝገብ የማየት መብት ሲሰጥ፣ ባለሙያው ለራሱ ማስታወሻ ጽፎ ለማንም የማያካፍለውን ወረቀት ከዚያ ለይቶታል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሕጉን መቅዳት ሳይሆን ክፍፍሉን መረዳት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ማወቅ ያለበትና ልጁ ለአንድ ሰው ያመነው አንድ አይደሉም። አባት መጥቶ «ልጄ ምን አለችህ?» ብሎ ቢጠይቅ ሊነገረው የሚገባው ልጅቷ የሚያስፈልጋት እርዳታ እንጂ የተናገረችው ቃል ሁሉ አይደለም።

5. የምስጢር ወሰን

ከላይ ከተባለው ተነሥቶ «እንግዲያው ምንም አለመጻፍ ይሻላል» የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ያልተጻፈ ምክር ከመካሪው ጋር አብሮ ይዛወራል፤ ልጁም ቁስሉን ለአዲስ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይተርካል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ምስክር ማጣቱ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626ና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የክብረ ንጽሕና ድፍረትን፣ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥም፣ ወይም ልጁ ራሱን ለማጥፋት ማሰቡን ሲገልጥ፣ ምስጢር መጠበቅ ልጁን መተው ይሆናል። በመሆኑም መካሪው ገና በመጀመሪያው ቀን «የምትነግረኝን እጠብቃለሁ፤ ሕይወትህ ወይም አካልህ አደጋ ላይ መሆኑን ካወቅሁ ግን ሊረዳህ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፤ ከመናገሬም በፊት ለአንተ አሳውቅሃለሁ» ማለት ይገባዋል። ወሰኑን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ተከዳሁ አይልም። በዚህ ጊዜ ቀኑና ሰዓቱ፣ የልጁ የራሱ ቃል፣ ለማን እንደ ተነገረም ሳይጨመርና ሳይቀነስ ይመዝገብ።

6. ማጠቃለያ

ለማሻሻል ብዙ በጀት አያሻም። አንደኛ፣ የምክር ማስታወሻ ከውጤትና ከሥነ ሥርዓት ማኅደር ተለይቶ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ ማን መቼ እንደተመለከተውም ይፈረምበት። ሁለተኛ፣ መካሪ የሆነ መምህር ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይነሣ። ሦስተኛ፣ ለምክሩ የማያስፈልግ የሰው ስምና የፖለቲካ ጉዳይ አይጻፍ። አራተኛ፣ መካሪ ሲዛወር ርክክቡ ልጁ እያወቀ ይከናወን፤ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስም ማስታወሻው የሚወገድበት ጊዜ ይወሰን። አምስተኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የመዝገብ አጻጻፍን እንደ አንድ የሙያ ልምምድ ያስተምሩ፤ ዕጩ መምህሩ የጻፈውን ለልጁ ቢያነብለት ያፍር ወይም አያፍር እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በኅብረተሰባችን አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን እንዳለ ይመልሳል፤ አደራ በልም ስሙ ከሰው ተራ ይወጣል። ልጅ ለመካሪው የሚሰጠው ቃል ከዕቃ ይበልጣል። ማኅደሩ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ቢቀመጥም ባለቤቱ ልጁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ባለአደራ ብቻ ነው።