የድግሩ ቦታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብረት ቀጥቅጬ፣ በይጄ የማድር ሰው ነኝ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጎዛምንም ከአነደድም ገበሬዎች ማረሻቸውን ሊያስሉ ይመጣሉ። ሞፈር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ግራና ቀኝ አፈር የሚገፋው ድግር፦ ስማቸውን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። እቃው እንደ ተወለደ የሚሞት ይመስለኝ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይነካዋል?

ማረሻችን የሚያወጣው ትልም ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። በሁለት ትልም መካከል ሳይነካ የሚቀር መሬት ስላለ ገበሬው አግድም ይደግመዋል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከሁለቱ ዙር አንዱ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም፤ ዝናቡ ሲጥል ያ ትልም የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ከሥር ደግሞ የማረሻው ጫፍ ዓመት በዓመት እዚያው ጥልቀት ላይ ስለሚመላለስ መሬቱ ይደድራል፤ ውሃ አይሰርግም።

ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉ ተመራማሪ የያዙት ይህንን ችግር ነው። ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ላይ አጠናቀዋል። በዋልካ መሬት ላይ የተኛን ውሃ በቦይ የሚያስወጣው አይባር ቢቢኤም የተባለው መሣሪያም የእሳቸው ሥራ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ክንፍ ያለው ማረሻ ነው። ሞፈሩንና ቀንበሩን ሳይነኩ፣ ከሥር የደደረውን የሚሰብር፣ በክንፉ ደግሞ አፈሩን ከታች የሚቆርጥ ብረት ሠሩ። አግድም መድገም ቀረ፤ በሬዎቹ ቁልቁል ሳይወርዱ ተዳፋቱን አቋርጠው ብቻ ይሄዳሉ። እዚሁ አጠገባችን እነራታ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፦ ጎርፉ በስንዴ ማሳ በ48 በመቶ፣ በጤፍ በ15 በመቶ ቀንሷል። የስንዴው ምርት በ35 በመቶ ቢጨምርም የማሳዎቹ ለምነት ስለሚለያይ በዚያ ቁጥር ላይ ብዙ መደገፍ አይቻልም፤ አጥኚዎቹም ይህንን አልደበቁም። እኔ የጎርፉን ቁጥር ነው የምወደው።

እኔ ይህን ክንፍ የምሠራው ከመኪና ባሌስትራ ነው። ሞቅ አድርጌ ስቀጠቅጠው ይታዘዛል፤ ችግሩ ያለው ውሃ ማጠጣቱ ላይ ነው። ቀለሙ የበሰለ ቲማቲም ሲመስል ከእሳት ማውጣት አለብኝ። ወደ ብርቱካን ካለፈ ከልኩ በላይ ግሏል፤ ውሃ ሲነካው ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ቀጭኑን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የማበርደው።

ይህን በወረቀት እንዴት ይጽፉታል? የፈጠራ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመራል። ለእንደኛ ዓይነቱ የሚቀርበው የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ነው፤ 5 ዓመት ቆይቶ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ግን ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ ሥራውን መግለጥ አለበት። ቲማቲምና ብርቱካን ለዚያ አይበቁም። እኛ ለልጅ የምናወርሰው በዓይን ነው፤ የልጁ ዓይን ካልያዘው ከኛ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ሕጉን የምወደው ገንዘብ ያመጣልኛል ብዬ ሳይሆን እንድጽፍ ስለሚያስገድደኝ ነው።

አንድ ጊዜ የክንፉን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አደረግሁት፤ ሥር ሲያጋጥመው እንዲያልፍ ብዬ። በዓመቱ ያው ቅርጽ ሌላ ሰው ደጃፍ ተደርድሮ አየሁ። ሆዴ ቢያርም ምን ብዬ ልክሰስ? የኔ መሆኑን የሚያሳይ አንድ መስመር እንኳ አልነበረኝም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ሽማግሌ ክንፉን መልሰው አመጡልኝ። የግራው እንዳለ ነው፤ የቀኙ አንድ ጣት ያህል ተበልቷል።

«አያ፣ ምን አገኘው?» አልኳቸው።

«ምንም አላገኘው ልጄ። አፈሩ ሽቅብ እንዲወድቅ እርፉን ወደ ቀኝ እጫነዋለሁ። አለዚያ ማሳዬ በየዓመቱ ወደ ጎረቤቴ ይወርዳል» አሉኝ።

ለካ ሁለቱ ክንፎች እኩል መሆን አልነበረባቸውም። ደብተር አወጣሁና የቀኙን ወፈር አድርጌ ሣልሁት፤ ከጎኑ ቀኑን ጻፍሁ። ሽማግሌውም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ እርፉን የሚጫኑበትን ልክ በክንዳቸው ያሳዩኝ ጀመር።