«እስከ እኩለ ቀን»፦ ጉዱ ካሳ፣ ዘይን እና ያልተጻፈው ሕመምተኛ

«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌያዊ አነጋገር ከኑሮ የተቀዳ እውነት ይዞ ይገኛል ይባላል፤ ይህኛው የያዘው ግን እውነት ሳይሆን ፍርድ ነው። አእምሮው ታሞ የነበረ ሰው ቢረጋጋ፣ ሥራ ቢይዝ፣ ትዳር ቢመሠርት እንኳ ጎረቤቱ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ በጥርጣሬ እንደሚጠብቀው ይነግረናል። ከሕመሙ የዳነው ሰው ከምሳሌው ሊድን አልቻለም።

ድንበር ላይ ለምንኖር አንባቢያን ጉዳዩ ከአነጋገር ያለፈ ነው። የገዳሪፍ ምድር ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚወርደውን የጉልበት ሠራተኛ ብቻ አይደለም የተቀበለው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተሰደደውን ተቀብሏል፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮም ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ በሐምዳይት በኩል የተሻገረውን በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች አሳርፏል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ደግሞ ጦርነት በሱዳን ተነሣና አስተናጋጁ ራሱ ስደተኛ ሆነ፤ ከኻርቱምና ከገዚራ የተፈናቀለው ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ፣ ሌላው በገላባት አድርጎ መተማ ገባ። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ ብቻውን ቢያወራ፣ ከሰው ቢርቅ ማን ምን ብሎ ይጠራዋል? የሚሰጠው ስም የሚወሰድበትንም ቦታ ይወስናልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሁለቱ ጎረቤት ቋንቋዎች በዚህ ረገድ የሚመሳሰሉበት ነገር አላቸው። አማርኛችን «ለከፈው» ይላል፤ ከውጭ የመጣ አንዳች ነገር ነካው፣ ጣለው ማለቱ ነው። ዐረብኛው «መጅኑን» ይላል፤ ቃሉ «ጂን» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሁለቱም ሕመሙን ከሰውየው ውጭ ያስቀምጡታል። አስተሳሰቡ ርኅራኄ አያጣም፤ ሕመምተኛው በገዛ ጥፋቱ አልታመመምና አይወቀስም። ጉዳቱ ግን ዓይናችን ሁሉ ወደ ለካፊው ሲዞር የተለከፈው ሰው መረሳቱ ነው። ይኸው መረሳት በሥነ ጽሑፍም ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማየት፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ በፍቅር የሚነበቡ ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን አስቀምጬ መርምሬአለሁ።

የመጀመሪያው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን ያነበበም ሆነ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሁሉ ካሳ ዳምጤን አይረሳውም። ሰው «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። ጉድ ያሰኘው ግን አእምሮው መታመሙ አይደለም፤ የዘር፣ የማዕረግና የልማድ ሥርዓት ጊዜው እንዳለፈበት አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው። ደራሲው ያሳዩን አንድ ማኅበረሰብ የማይፈልገውን እውነት እንዴት «እብደት» ብሎ እንደሚያገል ነው። በዚህም ትልቅ ትምህርት ሰጥተውናል፤ «እብድ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የበሽታ ስም ሳይሆን የቅጣት ስም መሆኑን አሳይተውናል።

ይሁንና ከዚህ ትምህርት ጋር አንድ ሳንካ ተያይዞ መጥቷል። አንባቢው ጉዱ ካሳን የሚወድደው ካሳ እብድ ስላልሆነ ነው። ንግግሩ የጠራ፣ አመክንዮው የማይነቃነቅ፣ ፍርዱ ከጤነኞቹ ሁሉ የተሻለ ነው። እንግዲህ ንግግሩ ባይጠራስ? በእርግጥ ታሞ፣ ሐሳቡ ተበታትኖ፣ የሚለው ነገር ፍሬ ቢያጣስ? ከካሳ በኋላ «እብዱ እውነቱን ተናገረ» ማለት ያስደስተናል፤ እውነት የማይናገረውን፣ ተናግሮም የማይገባንን ሕመምተኛ ግን የምንቀበልበት ቦታ አላበጀንም። ክብር የሰጠነው ለሊቁ ነው፤ ለታመመው አይደለም።

ሁለተኛው ጠይብ ሳሊህ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት «ዑርስ አል-ዘይን» ወይም የዘይን ሠርግ ነው። ታሪኩን ኩዌታዊው ኻሊድ አል-ሲዲቅ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፊልም መልሶታል። ዘይን በሰሜን ሱዳን በአባይ ዳር የሚኖር፣ ሲወለድ እየሳቀ የተወለደ፣ በአፉ ሁለት ጥርስ ብቻ የቀረው የመንደር መሳቂያ ነው። አንዷን ቆንጆ ባየ ቁጥር «ገደለችኝ» እያለ ይጮኻል፤ እናቶችም ይህን ዐውቀው የልጆቻቸው ወሬ እንዲነዛ ወደየቤታቸው ይጋብዙታል። እሱ ሲያመሰግን ልጅቱ ለሌላ ትዳራለች። ሐኒን የተባለው የሱፊ ቅዱስ ግን ዘይንን ቡሩክ አድርጎ ያየዋል፤ በመጨረሻም የመንደሩ ዕንቁ የሆነችው ኒዕማ በራሷ ፈቃድ ታገባዋለች።

እዚህ ላይ ከጎጃሙ መንደር የተለየ ነገር እናያለን። የካሳ መንደር የተለየውን ሰው ወደ ጥግ ሲገፋ፣ የዘይን መንደር መኻል ያስቀምጠዋል። ደንቆሮዋ፣ ሽባው፣ ማንም የማይፈልገው ሁሉ የዘይን ወዳጅ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን መጽሐፍ የቸርነት መዝሙር አድርጎ የሚወስደውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን በድጋሚ ሳነብበው ሁለት ስፍራዎች ላይ ቆምሁ።

አንደኛው ሰይፈ አል-ዲን የተባለው ጎረምሳ በመጥረቢያ ራሱን ከፈነከተው በኋላ ዘይን መርዌ ሆስፒታል የተወሰደበት ነው። ከዚያ ቁስሉ ድኖ፣ ጥርስ ተተክሎለት፣ አምሮበት ተመለሰ። ሐኪም ቤቱ ራሱንና አፉን አክሟል፤ ስለ አእምሮው ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሊጠየቅ ይገባል ብሎ ያሰበም የለም። ሁለተኛው ስፍራ የሠርጉ ሌሊት ነው። ከበሮው ሲመታ፣ ሰዉ ሲጨፍር ሙሽራው ይጠፋል፤ ሲፈልጉት በሟቹ ሐኒን መቃብር ላይ ሲያለቅስ ያገኙታል። መጽሐፉን በሙሉ ሳቁን እንጂ ሐዘኑን ያላወቅንለት ሰው ለአንድ አፍታ ገመናውን ገለጠልን። ወዲያው ደግሞ ወደ ጭፈራው መለሱት። ለዘይን የተሰጠው ስፍራ የተወደደ ቢሆንም ማልቀስ የማይፈቀድበት ስፍራ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ሥነ ጽሑፍ ነቢይ፣ ሌላው ቡሩክ ሰጠን። ሁለቱም ውብ ናቸው፤ ሁለቱም ለሕመምተኛው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ያሸክሙታል። ለመከበር ወይ እውነት ተናጋሪ ወይ ተአምር አድራጊ መሆን አለበት። ነቢይም ቡሩክም ያልሆነው፣ ታሞ ብቻ ያለው ወንድማችን በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ሳይጻፍ ቀርቷል።

ያልተጻፈው ሰው ግን ድምፅ ያገኘበት ሌላ መድረክ ነበር፤ እሱም ከጎንደር እስከ ኻርቱም የሚታወቀው የዛር ማኅበር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) በገላባትና በመተማ በኩል አድርጎ ጎንደር ገብቶ፣ በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከተባለች ባለዛር ቤት ወራት ተቀምጧል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ዛርን ከቴአትር ጋር አያይዞ አጥንቶታል። በሱዳን በኩል ደግሞ ከዛር መናፍስት መካከል «ሐበሽ» ተብለው የሚጠሩ አሉ፤ ቡናም ይወዳሉ። ለእነሱ መንፈሱ እኛን ይመስላል ማለት ነው። ዛርን ቤተ ክርስቲያንም የመስጊድ ሊቃውንትም አይወዱትም፤ የእኔም ዓላማ መሟገት አይደለም። ነገር ግን ያቺ ብሶቷን ለባሏ መናገር ያልቻለች ሴት በመንፈሱ አፍ ስትናገር ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ይሰማት እንደነበር መካድ አይቻልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ማኅበሩን የምትመራው ራሷ ቀድማ የታመመች መሆኗ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ «እስከ እኩለ ቀን» አይባልም፤ የታመመ ሰው አለቃ ይሆናል።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ሱዳናዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ (1911–1970 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በእንግሊዝ ሀገር ተምረው ሲመለሱ በኻርቱም ባሕሪ ክሊኒክ ከፈቱ፤ ዛርንም ሆነ የሱፊ ሸኾችን ሕክምና ሳይንቁ አጠኑ፤ ከባህል ሐኪሞች ጋር ተቀምጠው መከሩ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ከጥቅምቱ አብዮት በኋላም የሱዳን የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባል ሆነዋል። የቲጃኒ ትምህርት ክኒኑን ትቶ ከበሮ መምታት አልነበረም፤ ሕመምተኛው የሚያምነውን ሳይሰድቡ ሕክምናውን ማድረስ ነው። በእኛም ሀገር በ2007 (እ.ኤ.አ.) ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጸበል እንዲጠጡ መምከራቸው የዚሁ ጥበብ ወንድም ነው። ጸበልና ክኒን ጠላት ካልሆኑ፣ ለአእምሮ ሕመምተኛም ሁለቱ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

የቀረው ዕንቅፋት እኛው ነን። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘመዶች ላይ ተደርጎ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት 178 ሰዎች 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደተሰማቸው፣ 37 በመቶው ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ መናገራቸውን ያሳያል። ይህ የሆነው ሰው በገዛ ቀዬው፣ በገዛ ቋንቋው ሳለ ነው። ስደት ሲጨመርበትስ? ገዳሪፍ ውስጥ አንዲት እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብትል፣ አስተርጓሚው «ሆዷን ያማታል» ብሎ ለሐኪሙ ቢነግር፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አስተርጓሚው አልዋሸም፤ ሐኪሙም አላጠፋም። ሐዘኗ ግን በሁለት ቋንቋዎች መካከል ወድቆ ቀረ።

ስለዚህ ከሥነ ጽሑፋችን የምጠይቀው አዲስ ጉዱ ካሳ አይደለም። የአንድን ተራ ሕመምተኛ ታሪክ ነው፦ ከኡም ራኩባ ድንኳን የሚወጣ፣ ጥበበኛም ቅዱስም ያልሆነ፣ አንዳንድ ቀን የሚሻለው፣ አንዳንድ ቀን የሚብስበት፣ መድኃኒቱን ውጦ፣ ጸበሉን ጠጥቶ ወይም ሸኹን ጎብኝቶ ማታ ከሰው ጋር ቡና የሚጠጣ። ታሪኩን በአማርኛም በዐረብኛም የሚጽፍ ሰው እዚህ ድንበር ላይ ካልተገኘ ሌላ የት ሊገኝ ይችላል? ሁለቱን ቋንቋ፣ ሁለቱንም ሐዘን በአንድ ገበያ የሚሰማ እዚህ ነው።

አነጋገራችንም ከምሳሌው መጀመሪያ ላይ የተነሣውን አንዱን ብቻ አይዝም። ሌላም አለን፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። ሁለቱን ምሳሌዎች አብረን ልንይዛቸው አንችልም። የዳነውን ሰው እኩለ ቀን እስኪሆን በጥርጣሬ የምንጠብቀው ከሆነ፣ የታመመው ሁሉ በሽታውን መደበቁ አይቀርም። ሰው በሽታውን እንዲገልጥልን የምንፈልግ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላውን ልንሰጠው ይገባል።